ሽጉጡ የፈነዳበት ሰው

እኔ መሣሪያ ታጥቄ አላውቅም። ሙያዬ መድኃኒት ቅመማ ነው። ዕድሜዬን ከሚዛን፣ ከብልቃጥና ከሐኪም ወረቀት ጋር ያሳለፍኩ ሰው ስለ አንድ አሜሪካዊ ከብት ጠባቂና ጥይት ሞይ ልጻፍ ብል፣ ወዳጆቼ ምን ነካው ማለታቸው አይቀርም። አይፈረድባቸውም። ግን እስከ መጨረሻው የታገሠኝ አንባቢ፣ ነገሩ ከሽጉጥ ይልቅ ለሚዛን የቀረበ መሆኑን ያይልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ሲያትል የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የጋራዣቸውን በር ከፍተው አንድ ነገር ሲጎረጉሩ ይውላሉ። አንድ ቀን ሰላም ልላቸው ጎራ ብል፣ ጠረጴዛቸው ላይ ያየሁት ትንሽ ሚዛን እግሬን ያዘኝ። ቁርጥ የድሮ የመድኃኒት ቤት ሚዛን! ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ የሚመዝነው በግራም ሳይሆን በግሬን ነው።

ግሬን የድሮ መድኃኒት ቀማሚዎች መለኪያ ነው። አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም ገደማ ይመዝናል። የአስፕሪን ክኒን 325 ሚሊ ግራም የሚል እንግዳ ቁጥር የተሸከመው፣ ድሮ 5 ግሬን ተብሎ ይመዘን ስለነበረ ነው። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ግሬን ለታሪክ ያህል ብቻ የሚነሳ ነገር ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ግን ባሩድ ይመዝኑበታል። የተተኮሰ ጥይት ቀለሃ ሰብስበው፣ እንደገና ሞልተው፣ ለአንድ ግዙፍ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸው ያጎርሱታል። ይህን ጥበብ ከማን ተማሩት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከመደርደሪያቸው አንድ ሽፋኑ የተላጠ መጽሐፍ አውርደው ሰጡኝ። እ.ኤ.አ. በ1955 የታተመው ሲክስገንስ ነው፤ ደራሲው ኤልመር ኪዝ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥይት በእጅ ሲሞላ

ወደ ሰውዬው ታሪክ ከመግባቴ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ጥይት አራት ነገሮች ብቻ ነው፦ ከነሐስ የተሠራው ቀለሃ፣ በቀለሃው ቂጥ ላይ የምትቀመጠውና መዶሻው ሲመታት እሳት የምትተፋው ፕራይመር፣ ባሩዱ፣ ከላይ ደግሞ ዒላማውን የሚመታው አረር። ሲተኮስ ፕራይመሯ ትቃጠላለች፣ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል። ቀለሃው ግን ባዶውን ይቀራል። ሌላው ሰው ይጥለዋል፤ ሞይው ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል።

ያበጠውን ቀለሃ በብረት ቅርጽ ውስጥ ገፍቶ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። የተቃጠለችውን ፕራይመር አውጥቶ አዲስ ይተክላል። ባሩዱን መዝኖ ይጨምራል። ከዚያ አረሩን ያስቀምጥና የቀለሃውን ከንፈር ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጎ ያስይዘዋል። ይህቺ የመጨረሻዋ ሥራ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ሽጉጦች ሲተኮሱ ስለሚራገጡ፣ በደንብ ያልተያዘ አረር ገና ተራው ሳይደርስ ከቀለሃው እየተንሸራተተ ይወጣና ሲሊንደሩ እንዳይዞር ያግደዋል። ሲሊንደር የምለው ስድስቱን ጥይቶች ጎርሶ የሚሽከረከረውን የሽጉጡን ክፍል ነው። ብዙዎቹ ሞዮች አረሩንም ራሳቸው ያፈሱታል። እርሳስ ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ ጥቂት ቲን ይቀላቅሉበታል፤ ኪዝ ይወደው የነበረው ቅልቅል 16 እጅ እርሳስ ለ1 እጅ ቲን ነበር።

እንዲህ ሲነገር ከቡና ማፍላት የከበደ አይመስልም። ዳሩ ግን አንድ ቀለሃ ውስጥ ባሩዱ በስህተት ሁለት ጊዜ ከገባ፣ ሽጉጥ የተባለው ነገር በባለቤቱ እጅ ላይ ቦምብ ይሆናል። መድኃኒቱን ከመርዙ የሚለየው መጠኑ መሆኑን ለእኔ ቢጤው ማስረዳት አያስፈልግም። ሽማግሌው የሞሉትን እያንዳንዱን ቀለሃ በባትሪ እያበሩ ውስጡን ሲያዩ ስመለከት፣ የራሴን መሥሪያ ቤት ያየሁ መሰለኝ።

እሳት የበላው እጅ

ኤልመር ኪዝ ማርች 8 ቀን 1899 በሚዙሪ ግዛት፣ ሃርዲን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በልጅነቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሞንታና ተሻገረ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ሚዙላ ከተማ ውስጥ ያረፉበት አልቤርጎ በእሳት ተያያዘ። ልጁ ከሞት ቢተርፍም ሰውነቱ ክፉኛ ተቃጠለ። ከሁሉም የከፋው ግራ እጁ ነበር፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቆዳውን ሰብስቦ እጁን ቀለበሰው። ኪዝ በግለ ታሪኩ እንደተረከው ሐኪሞቹ እጁን ሊነኩት አልደፈሩም። ልጁ ግን ወላጆቹን ለምኖ አሳመነ፤ የተቆለመመውን እጅ በገዛ ቤታቸው ሰብረው፣ አቃንተው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አሰሩት። በዚያ እጅ ከብት ጠበቀ፣ ፈረስ ገራ፣ በ1920ዎቹም ካምፕ ፔሪ በሚካሄደው ብሔራዊ የተኩስ ውድድር ላይ ተሰለፈ። እሳት የበላው ልጅ ዕድሜ ልኩን እሳት ሲመዝን መኖሩ እስከዛሬ ይገርመኛል።

በሞንታና ያደገበት ዘመን የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በዓይናቸው ያዩ አዛውንት ገና በሕይወት የነበሩበት ነው። ኪዝ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ስለ መሣሪያ አደመጠ። ከተማረው የሚበልጠውን ከእነሱ፣ ከከብቱና ከተራራው ነው ያገኘው። የላቦራቶሪ ሰው አልነበረም፤ ይህ ጥንካሬውም ድክመቱም ሆኖ እስከ መጨረሻው አብሮት ዘለቀ።

የጁላይ 4 ጠዋት

በዚያን ጊዜ የምዕራቡ ከብት ጠባቂ ሁሉ የሚመካበት ሽጉጥ ኮልት ነበር፤ የእኛም አገር አዛውንት ስሙን የሚያውቁት ያው ኮልት። ኪዝ የያዘው በ1873 የወጣውን ዓይነት ባለ 45 ካሊበር ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። ኪዝ ግን በፋብሪካው ጥይት አልረካም፤ ለጠመንጃ የተሠራ ከባድ አረር እያስገባ ራሱ ይሞላ ነበር።

ጁላይ 4 ቀን 1925 ማለዳ፣ የ26 ዓመቱ ኪዝ የአገሩን የነፃነት በዓል በተኩስ ሊቀበል ተነሳ። የመጀመሪያው ጥይት በሰላም ሄደ። ሁለተኛው ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ አሰማ፤ የእሳት ብልጭታም ታየው። ቆም ብሎ ሽጉጡን ሲያየው፣ ከስድስቱ ጉርሻዎች የሦስቱ የላይኛው ግማሽ የለም። በሲሊንደሩ ላይ ድልድይ ሆኖ የሚያልፈው ብረትም አብሮ ሄዷል። እሱ ጆሮው ከመጮሁ በቀር ምንም አልሆነም።

እንግዲህ የታሪኩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ሽጉጡን ወንዝ ውስጥ ጥሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አላየውም። ኪዝ ግን የሆነውን ሁሉ ጽፎ አሜሪካን ራይፍልማን ለተባለው መጽሔት ላከው፤ በዚያው ዓመትም ታተመለት። ምን አረር እንደተጠቀመ፣ ምን እንደሞላ፣ የትኛው ብረት እንደሄደ ተናገረ። በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአፉ የሚምሉለት አዋቂ፣ ስሙን ካስተዋወቁት የመጀመሪያ ጽሑፎቹ አንዱ የራሱን ጥፋት የሚዘግብ ነበር።

ጥፋቱ ደግሞ አስተማረው። ባለ 45ቱ ጥይት ወፍራም ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ሲበሳለት በጉርሻዎቹ ዙሪያ የሚቀረው ብረት ስስ ነው። በዚያው መጠን ባለው ሲሊንደር ላይ ባለ 44 ቢበሳ ግን ቀዳዳው ጠበብ፣ ግድግዳው ወፈር ይላል። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ሲፈነዳ ግን ይታያል። ኪዝ ፊቱን ወደ .44 ስፔሻል አዞረ። ቀሪ ሕይወቱ ከዚህ ቁጥር ጋር ተቆራኘ።

ሠላሳ ዓመት የፈጀ ጥያቄ

የፋብሪካው .44 ስፔሻል ጥይት 246 ግሬን፣ ማለትም 16 ግራም የሚሆን አረር በሴኮንድ 230 ሜትር ገደማ ይወረውር ነበር። ኪዝ የፈለገው ያንኑ ክብደት በ365 ሜትር ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በአንድ እጥፍ ተኩል ግድም ሲጨምር ጉልበቱ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል፤ ይህ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው።

መጀመሪያ አረሩን ራሱ ነደፈው። አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ትከሻው ስለታም ነው፤ ወረቀት ሲመታ እንደ ቢሮ መብሻ ክብ አድርጎ ይቆርጣል። አፈሙዙን የሚይዙት ሦስት ሰፋፊ ቀለበቶችና ቅባት የሚይዝ ጥልቅ ቦይ አሉት። ላይማን የተባለው ኩባንያ 429421 የሚል ቁጥር ሰጥቶ የማፍሰሻ ቅርጹን ሠራለት፤ የዚህ አረር ዝርያዎች ዛሬም በየጋራዡ ይፈሳሉ።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ኪዝ ኦሪገን ግዛት ዱርኪ በምትባል ቦታ ከብት ሲያረባ፣ ሃሮልድ ክሮፍት የሚባል የፔንስልቫኒያ ሰው ራሱ ያሻሻላቸውን ሽጉጦች ይዞ አገር አቋርጦ መጣበት። ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲተኩሱና ሲከራከሩ ሰነበቱ። ከዚያ ክርክር ቁጥር 5 ተብሎ የሚታወቀው የኪዝ ሽጉጥ ተወለደ። ኪዝ በ1929 ስለ እሱ ሲጽፍ ርዕሱን የመጨረሻው ቃል አለው። የመጨረሻው ግን አልነበረም፤ ገና 26 ዓመት ይቀረው ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሄርኩለስ የተባለው ኩባንያ 2400 የሚል ቁጥር ያለው ባሩድ ለገበያ አቀረበ። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ነው። ፈጣኑ ባሩድ ጉልበቱን ሁሉ በአንዴ ስለሚለቅ ሲሊንደሩን ያስጨንቀዋል፤ ዘገምተኛው አረሩን በአፈሙዙ ርዝመት ሙሉ እየገፋ ያጅበዋል። በእኛ ሙያ ቀስ በቀስ የሚሟሟ ክኒን እንደምንለው ያለ ነው። ኪዝ የሚፈልገውን አገኘ።

ግን መጠኑ ልክ መሆኑን በምን ያውቃል? እርሻው ላይ ግፊት የሚለካ መሣሪያ የለውም። ምልክት ያነባል። የተተኮሰው ቀለሃ ከሲሊንደሩ አልወጣም ካለ፣ የፕራይመሯ ፊት ከልክ በላይ ከተደፈጠጠ፣ በዝቷል ማለት ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ የሕመምተኛውን ዓይንና ምላስ አይቶ የሚያክም የጤና ረዳት ዓይነት። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ችግሩ ምልክቱ የሚመጣው ከመጠን ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ኪዝ በ1936 ስለ ሽጉጥ ጥይቶችና አሞላላቸው የምታትት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላም ኩባንያዎቹን መወትወቱን ቀጠለ። እነሱ ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት ነበረው። ብርቱው ጥይት ገበያ ላይ ቢወጣ፣ አንዱ ሰው የአባቱ መሳቢያ ውስጥ ላለው አሮጌ .44 ስፔሻል ገዝቶ ያጎርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ጁላይ 4 ጠዋት የሆነው ነው።

ሦስት ሚሊ ሜትር

መፍትሔው መጀመሪያ የታየው በ1935 በሌላ ሽጉጥ ላይ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ዊንቸስተር .357 ማግነምን ሲያወጡ፣ የነባሩን .38 ስፔሻል ቀለሃ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ አስረዘሙት። በዚህ ሥራ ከእነ ፊል ሻርፕና ዳግላስ ዌሰን ጋር የኪዝም የዓመታት ሙከራ አስተዋጽኦ አለበት። የረዘመው ጥይት አሮጌው ሽጉጥ ውስጥ አይገባም። ማስጠንቀቂያ ማንበብ አያሻም፤ ቢሳሳቱም አይገባም።

እኛ ሆስፒታል ውስጥ ይህን እናውቀዋለን። የኦክስጅኑና የማደንዘዣው ጋዝ ሲሊንደሮች መግጠሚያ ችካላቸው የተለያየ ቦታ ላይ ነው፤ የደከመው ነርስ በሌሊት ቢሳሳት እንኳ አልገጥም ይለዋል። ከዚያ ችካል ጀርባ ሰው የሞተበት ስህተትና ያንን ስህተት አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው አለ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ኪዝ ዩታ ግዛት በሚገኘው የኦግደን የጦር ግምጃ ቤት የመሣሪያ መርማሪ ሆኖ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ በአይዳሆ ተራሮች መካከል ባለችው ሳልመን ከተማ ተቀመጠ፤ ከአንገቱ በላይ ሰፊ ባርኔጣ፣ ከአፉ ሲጋር የማይለየው አጭር ሰው። ውትወታውን አላቆመም። በመጨረሻ ሬሚንግተን ጥይቱን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን ለመሥራት ተስማሙ። የ.44 ስፔሻል ቀለሃ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ረዘመ። የመጀመሪያው ሽጉጥ በዲሴምበር 1955 መጨረሻ ተጠናቀቀ፤ በ1956 .44 ማግነም ለዓለም ታወጀ። የፋብሪካው ጥይት ፍጥነት ኪዝ ከለመነው በላይ፣ በሴኮንድ ከ400 ሜትር የሚያልፍ ነበር። ሽጉጡ ከፈነዳበት ማለዳ ጀምሮ ሲቆጠር ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ዝናውና ክርክሩ

ኪዝ ሁሉን ነገር ያገኘ ሰው አልነበረም። በ.44 ማግነም አንድ ጓደኛው ያቆሰለውን አጋዘን በ600 ያርድ፣ ማለትም በ550 ሜትር ገደማ ርቀት መትቶ እንደጣለ ጻፈ። ውሸታም ያሉት ብዙዎች ናቸው፤ እሱ ግን እስኪሞት ከቃሉ ንቅንቅ አላለም። የአውትዶር ላይፍ ጸሐፊ ከነበረው ከጃክ ኦኮነር ጋርም ዕድሜ ልክ ተነታረከ። ኦኮነር ቀላልና ፈጣን አረር ይበቃል ይላል፤ ኪዝ ደግሞ ከባድና ሰፊ ካልሆነ እንስሳውን ማሰቃየት ነው ባይ ነው። የአገሩ አዳኝ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ያነባቸው ነበር።

በ1964 የወጣው .41 ማግነምም የኪዝና የቢል ጆርዳን ጉትጎታ ውጤት ነው። የታሰበው ለፖሊስ ነበር፤ ሽጉጡ ግዙፍ፣ ርግጫው ብርቱ ሆነና ፖሊሶች ብዙም አልወደዱትም። .44 ማግነምን ደግሞ ከተራራ አውርዶ ከተማ ያስገባው ኪዝ ሳይሆን ሲኒማ ነው። በ1971 የወጣውን ደርቲ ሃሪ ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ ያየን የአዲስ አበባ ልጆች፣ ክሊንት ኢስትውድ የያዘውን ያንን ረጅም ሽጉጥ አንረሳውም። ኪዝ ለአውሬና ለተራራ ያሰበው ነገር የከተማ ጎረምሳ ምኞት ሆነ። ሰው የሠራውን ነገር ማን እንደሚያነሳው አያውቅም፤ ይህ ለእኔ ከሕይወቱ ውስጥ ደስ የማይለኝ ክፍል ነው።

የባሩድ መጠኑም ቢሆን ዛሬ አይታመንም። አሁን የሚታተሙት መመሪያዎች ግፊት በመሣሪያ ለክተው የሚያስቀምጡት ጣሪያ እሱ ከሚሞላው ዝቅ ያለ ነው። የሲያትሉ ሽማግሌ መጽሐፉን ሲሰጡኝ፣ ቁጥሮቹን ከአዲስ መመሪያ እንጂ ከእሱ እንደማይወስዱ ነግረውኛል። ከኪዝ የወሰዱት ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ሙከራ፣ የተሳካውንም የከሸፈውንም በደብተር መመዝገብ።

በ1973 የአሜሪካ ምርጥ ሽጉጥ ተኳሽ የሚለው ሽልማት ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነበር። በ1979 ግለ ታሪኩን አሳተመ፤ ርዕሱ በግርድፉ እኔ ራሴ እዚያው ነበርኩ እንደማለት ነው። በ1981 በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መርጋት የሚመጣው በሽታ፣ ስትሮክ፣ መታው። ያ ሁሉ የጻፈ ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን በእንክብካቤ ቤት አሳልፎ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1984 ቦይሲ ከተማ ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ።

የእኔ ጁላይ 4

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩ ልናገር። ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ተመደብኩ። አንድ ማታ ለሕፃን የሚሰጥ ዱቄት መድኃኒት በየወረቀቱ እየመዘንኩ ስጠቀልል፣ ከቁጥሩ መሐል ያለችውን ነጥብ ዘለልኳት። መጠኑ አሥር እጥፍ ሆነ። አንዲት ነርስ ጥቅሎቹ ወፍረውባት መልሳ አመጣችልኝ። አመሰገንኳት፣ አስተካከልኩት፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደድኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ማንም አላየም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እንደኔው አዲስ የመጣ ባልደረባዬ ያችኑ ነጥብ ዘለላት። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ ነጥቧ ደብዛዛ ሆና ነበር የምትጻፈው፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ማታ ጥቅሉን የጠረጠረ ነርስ አልነበረም። ልጅቷ ብዙ ቀን ከሞት ጋር ታግላ ተረፈች። ባልደረባዬ ተቀጣ። እኔ ከሚያጽናኑት አንዱ ነበርኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። እኔ የደበቅኩት በሽታ ግን የታመመው በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው። ያ ባሩድ የሸተተው ከብት ጠባቂ በ26 ዓመቱ ያደረገውን፣ እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ዲፕሎማ ሰቅዬ አላደረግሁትም። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ ይህን የምታነቡ ሁላችሁ፣ ማንም ያላየው አንድ ማለዳ ወይም አንድ ማታ ይኖራችሁ ይሆናል።

ከሲያትል እንደተመለስኩ ለአዳዲሶቹ የመድኃኒት ቤት ሠራተኞች ሥልጠና ስሰጥ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት በዚያች ነጥብ ጀመርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት እጇን አነሳችና፣ ባለፈው ሳምንት እሷም አንድ ነገር እንዳጋጠማት መናገር ጀመረች። በዚያው ቀን ሦስት ሰው ተናገረ። አሁን ነጥቡን በቀይ እናከብባለን፤ ከነጥቡ በፊት ቁጥር ከሌለም ዜሮ እንጽፋለን።

ቸር ይግጠመን።